ከመጠምጠም መማር ይቅደም

(ስለ ብሎንና ስለ ፕላስቲክ በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመልኩ ትንሽ፥ በጥቅሙ ግን ትንሽ ያልሆነ ነው። ይኸውም ወደ ፕላስቲክ ሲገባ ጥርሱን ራሱ እየቀረጸ ስለሚሄደው ቀጭን ብሎን ነው። ዳዶ የለውም፤ አስቀድሞ የተበጀለት የጥርስ ቤትም የለውም። ባዶ ቀዳዳ ያገኛል፥ በካቻቢቴ ይዞራል፥ በገባ መጠንም ለራሱ መኖሪያ ያበጃል። ታዲያ ይህ ትንሽ ነገር በዐዋቂ እጅ ሲሆን ሁለት አካል አንድ አድርጎ ለዘመናት ይይዛል፤ ባልተማረ እጅ ሲሆን ግን በአንዲት ትርፍ ዙር ዕቃውን ሰንጥቆ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ከአድማጮቼ መካከል «ይህ የመካኒክ ነገር ለጽሕፈት ቤት ሰው ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በቢሮም ሆነ በቤት የምንይዘው ዕቃ ይበዛው ክፍሉ ፕላስቲክ ነው፤ የራዲዮው ገላ፥ የኤሌክትሪኩ ሶኬት፥ የልጆች መጫወቻ፥ የሒሳብ መኪናው ክዳን፥ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የተያያዙት በዚሁ ብሎን ነው። ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ዕቃ አንዲት ጉቶ ስለተሰነጠቀችበት ብቻ ሲጣል፥ የጠፋው ፕላስቲኩ ሳይሆን ዕውቀቱ መሆኑን ልብ እንበል። ከዚህም በላይ የልጆቻችን ነገር አለ። እጁን በትንሽ ነገር ያላሠለጠነ ልጅ በትልቅ ነገር ሊሠለጥን አይችልም።

ይህን ንግግር ከአንድ ቦታ ጋር ማያያዝ ወድጃለሁ፤ ያም ቦታ ደብረ ታቦር ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከጉና ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ የተቀመጠች፥ ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነች ናት። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ ይገኛል። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለእጆችን ሰብስበው የብረት ሥራ ያቋቋሙት በዚያ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ሳልሙለር ከእነርሱ ይቆጠራሉ። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሃልም አብሮ ነበረ። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን የፈለጉት የእጃቸውን ሙያ ነበር። ስለዚህ መንኰራኵርና መድፍ እንዲሠሩ፥ የአገሩንም ልጆች እንዲያስተምሩ አዘዟቸው።

ከጋፋት ከወጡት ሥራዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ለረዥም ወራት ከተከበበችው ከተማ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቅቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ይህን መድፍ በሠረገላ አስጭነው፥ መንገድ እያስቀደዱ፥ በብዙ ሕዝብ ጉልበት እያስጐተቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። ከጥቂት ቀናት በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ሲይዝ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። መድፉ በመቅደላ ቀረ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ያየዋል።

ይህን ታሪክ የጠቀስሁት ለጌጥ አይደለም። ሁለት ትምህርት ስለሚገኝበት ነው። አንደኛው፥ የጋፋት ሥራ እንዲያው በአንድ ቀን የሠመረ አለመሆኑ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች መካከል የከሸፉ ነበሩ፤ ምድጃው ተበላሽቶ እንደገና ተሠርቷል። ሁለተኛው ግን የሚያሳዝን ነው። በ1860 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያልቅ ባለእጆቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ከዚያ በኋላ የጋፋት ምድጃ ቀዘቀዘ። መድፉ ቀረ፥ ሙያው ግን ሄደ። ሙያ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ሲሆን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ በብዙ ቤት ሲገባ ግን ማንም ይዞት አይሄድም።

እንግዲህ የዛሬው ሐሳቤ ይህ ነው፤ በክረምት ዕረፍት፥ ተማሪዎች ከቤት በሚውሉበት ጊዜ፥ አባትና ልጅ፥ ወይም አስተማሪና ተማሪ፥ በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ ከተማ፥ የሴባስቶፖልን ትንሽ አምሳያ ከነሠረገላው ከፕላስቲክ ቢሠሩ ምን ይመስላችኋል? የደብረ ታቦር በዓል፥ ማለት ቡሄ፥ ነሐሴ 13 ቀን ነው። ጅራፉ እየጮኸ ሳለ በጠረጴዛ ላይ የራስ እጅ ሥራ የሆነ መድፍ ቢቆም ለበዓሉም ለቦታውም የሚስማማ ጌጥ ነው።

የአምሳያ ሥራ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1901 ቀዳዳ ያላቸውን የብረት ቁራጮች በብሎንና በዳዶ እያያያዙ ድልድይና ማንሻ የሚሠሩበትን ሜካኖ የተባለ መጫወቻ አወጣ፤ ከዚያ ብዙ የአውሮፓ ወጣት የመሐንዲስነትን ፊደል ቈጠረበት። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው የመጀመሪያው የፕላስቲክ አምሳያ የጦር አውሮፕላን ሳይሆን የፈርጉሰን የእርሻ ትራክተር ነበር፤ የተሠራውም ሻጮች ለገበሬ እንዲያሳዩበት ነው። አምሳያ ማለት እንግዲህ ትልቁን ነገር በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ነገሩን በአምስት ከፍዬ እናገራለሁ፤ ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ ቍጥሩን ብትጽፉት ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፤ ፕላስቲኩን ማወቅ

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። እንጨት ዝግባና ወይራ እንደሚባል፥ ፕላስቲክም ለስላሳና ደረቅ አለው። የውኃ ጀሪካንና የሽንኩርት መክተፊያ ሰሌዳ የሚሠሩበት ፖሊኤቲሊን ነው። የዚህን ጠንካራ ዓይነት በቀላል መንገድ ለመሥራት ያስቻለውን ዘዴ ያገኘው ጀርመናዊው ካርል ዚግለር ሲሆን፥ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። የፕላስቲክ ወንበር የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው። እነዚህ ሁለቱ ለስላሶችና ታጋሾች ናቸው፤ ሲገፏቸው ይሸሻሉ እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቁም። የራዲዮ ገላ የሚሠራበት ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው መካከለኛ ነው። የመስኮት መስተዋት መስሎ የሚያሳየው ፖሊስታይሪን፥ ማለት እንደ ጠራ የእስክሪብቶ ገላ ያለው፥ ደረቅና ተሰባሪ ነው። አሮጌ ማብሪያ ማጥፊያዎች የተሠሩበት ጥቍር ወይም ቡናማ ባክላይት ደግሞ ከሁሉ ይብስ ደረቅ ነው፤ ይህን የፈለሰፈው በቤልጅግ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሊዮ ቤክላንድ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ባክላይት ከረጋ በኋላ በሙቀት አይቀልጥም፥ ሲገፉትም አይሸሽም፤ ስለዚህ ከፋብሪካ ጥርስ ካልወጣለት በቀር ብሎን በግድ አይገባበትም።

አንዱን ከአንዱ ለመለየት የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ። ከማይታይ ስፍራ ትንሽ ቅራፊ ወስዳችሁ በውኃ ውስጥ ጣሉት፥ የአየር አረፋ እንዳይዝም በጣት ጥለቁት። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ ኤ.ቢ.ኤስ.፥ ፖሊስታይሪንና የውኃ ቧንቧ የሚሠራበት ፒ.ቪ.ሲ. ግን ይሰጥማሉ። ይህ ፈተና ሌላም ነገር ይነግራችኋል። የሚንሳፈፉት ሁለቱ በተራ ማጣበቂያ እሺ አይሉም፤ ሙጫው ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ስለዚህ ለእነርሱ ብሎን ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በደጋ አገር የፀሓይ ጨረር ይበረታል፤ በየጣራው ላይና በየደጃፉ ዓመታት ፀሓይ የመታው ጀሪካንና ወንበር መልኩ የነጣ፥ ሲነኩት ዱቄት የሚለቅቅ ይሆናል። እንዲህ ያለው ውስጡ ስለደረቀ ብሎን ሲገባበት ይፈረከሳል፤ ለአምሳያ አይሆንም። ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ በብርድ ይደርቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ደጅ ያደረውን ፕላስቲክ ወደ ቤት አስገብታችሁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ እንጂ ጧት በማለዳ አትብሱት።

ሁለተኛ፤ ብሎኑን መምረጥ

ጥርሱን ራሱ የሚያወጣ ብሎን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እየገፋ የሚገባ ነው፤ ፕላስቲኩን አይቈርጥም፥ ወደ ጎን እየገፋ በጥርሶቹ መካከል እንዲሞላ ያደርገዋል። ሁለተኛው ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ጎድጓዳ አለው፤ እንደ መሰርሰሪያ እየቈረጠ፥ ፍቅፋቂውን እየጣለ ይገባል። ለለስላሳው ፕላስቲክ የሚገፋው፥ ለደረቁ የሚቈርጠው ይሻላል። ለምን? ቢባል፥ ደረቁ ነገር መገፋትን አይታገሥም፤ የሚሸሽበት ስፍራ ሲያጣ ይሰነጠቃል።

የጥርሱንም አኳኋን ተመልከቱ። ለብረት የተሠራ ብሎን ጥርሱ የተቀራረበና ጐኑ የሰፋ ነው፤ የጥርሱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራው ግን ጥርሱ የተራራቀና የሰላ ነው፤ ማዕዘኑም ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ ይሆናል። የሰላው ጥርስ ፕላስቲኩን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኀይል ያነሰ ስለሆነ ጉቶውን አይሰነጥቅም፤ ጥርሱ የተራራቀ በመሆኑም በመካከሉ ብዙ ፕላስቲክ ይቀራል፥ መያዙም ይጠነክራል። ከተጣለ ራዲዮ ወይም መጫወቻ የሚፈቱት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ስለሆኑ አትጣሏቸው፤ በቆርቆሮ ሰብስባችሁ በውፍረት በውፍረታቸው ለዩአቸው።

የራሱም ቅርጽ ነገር አለው። ከራሱ በታች ሾጣጣ የሆነ፥ ወደ እንጨት ሰምጦ እንዲቀር የተሠራ ብሎን ለፕላስቲክ አይመችም፤ ሽብልቅ ማለት ነውና ሲጠብቅ ቀዳዳውን ይፈለቅቃል። ከታች ልሙጥ የሆነ ራስ ያለውን ምረጡ፤ ሮንዴላ ቢጨመርበት ደግሞ ጭነቱ በሰፊው ስለሚያርፍ የበለጠ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ቀዳዳውን መብሳት

የሥራው ሁሉ ምስጢር ያለው እዚህ ነው። ቀዳዳው ከጠበበ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ከሰፋ ብሎኑ የሚነክሰው አጥቶ ይሽከረከራል። መለኪያውም ይህ ነው፤ ለለስላሳው ፖሊኤቲሊን ቀዳዳው ከብሎኑ ውፍረት ከመቶ 75፥ ለኤ.ቢ.ኤስ. እና ለመሰሎቹ ከመቶ 80 ይሁን። በምሳሌ ስናየው፥ ብሎኑ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ በመክተፊያ ሰሌዳ ላይ ቀዳዳው 2.2 ወይም 2.3፥ በራዲዮ ገላ ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብሎኑ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን በመጀመሪያው 1.5፥ በሁለተኛው 1.6 ይሆናል። የብሎኑ ውፍረት የሚለካው ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጥርሱ ጫፍ መሆኑን አትርሱ።

ጥልቀቱን በሚመለከት፥ ብሎኑ ፕላስቲኩን የሚነክስበት ርዝመት ከውፍረቱ ቢያንስ 2 እጥፍ፥ ቢቻል 2 እጥፍ ተኩል መሆን አለበት። 3 ሚሊ ሜትር የሆነው ብሎን እንግዲህ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ሊነክስ ይገባዋል። ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የማያሳልፍ ከሆነ ከብሎኑ ጫፍ ጥቂት ይለፍ፤ አለበለዚያ ብሎኑ ከታች ይመታና ከላይ ያወጣውን ጥርስ ራሱ ያፈርሰዋል። ብሎኑ የሚገባበት ጉቶም ውፍረቱ ከብሎኑ ቢያንስ 2 እጥፍ ይሁን፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ወደ ጠርዝ የተጠጋ ቀዳዳ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሁለት አካል ሲያያዝ ጥርስ የሚወጣው በታችኛው ብቻ ነው። በላይኛው ያለው ቀዳዳ ብሎኑን ሳይነካ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ለ3 ሚሊ ሜትር ብሎን 3.2 ወይም 3.4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በሁለቱም ላይ ጥርስ ካወጣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ ምንም ቢጠብቅ አይጋጠምም። እንዲህ ሲሆን ሰው ኀይል የሚያንስ መስሎት ይጨምራል፤ ፕላስቲኩም ይሰበራል።

ስትበሱ ፑንታውን ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ አዙሩ፤ የሚቻል ከሆነ በእጅ ነው። በፍጥነት የሚዞር መሰርሰሪያ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ሲረጋ ቀዳዳው ካሰባችሁት ልክ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ እየመዘዛችሁ ፍቅፋቂውን አራግፉ። የቀዳዳውን አፍ በሰፋ ፑንታ በጣት አዙራችሁ ጥቂት ክፈቱት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከአፍ ነውና ይህች ትንሽ ሥራ ትልቅ ትከላከላለች።

አራተኛ፤ መጠምጠም

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስለ ጥምጥም ቢሆንም ለብሎንም ይሆናል። አስቀድማችሁ ከዚያው ፕላስቲክ በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ ሆን ብላችሁ እስኪበላሽ ድረስ አጥብቁት፥ እጃችሁም ያን ልክ ይወቀው። ወደ ሥራው ስትመጡ ከዚያ ብዙ ወረድ ብላችሁ አቁሙ።

ከካቻቢቴው ጫፍ ጋር የብሎኑ ራስ ልክ ለልክ ይሁን። ባለ መስቀሉን ራስ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ገብቶ ዓለምን ሞልቶታል። ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ መስቀሉን ይበላዋል፤ መስቀሉ የተበላ ብሎን ደግሞ አይገባም አይወጣም።

ብሎኑን ቀጥ አድርጋችሁ፥ ወደ ታች እየተጫናችሁ፥ በዝግታ አዙሩ። በመጀመሪያ እኩል የሆነ መቋቋም ይሰማችኋል፤ ያ ጥርስ የሚያወጣበት ነው። ራሱ ዕቃውን በነካ ጊዜ መቋቋሙ በድንገት ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ የሩብ ዙር እንኳ አያስፈልግም። በፍጥነት የሚዞር የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ አትጠቀሙ፤ ሰበቃው ፕላስቲኩን ያሞቀዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለምን?

ብሎኑን ዘይት ቀብተው የሚያስገቡ አሉ። ይህ ልማድ ለብረት የሚሆን ነው። ኤ.ቢ.ኤስ. እና ፖሊስታይሪን ውጥረት ባለባቸው ስፍራ ዘይት ሲነካቸው ቀስ ብለው ይሰነጠቃሉ፤ ዕለቱን ደኅና መስሎ ከሳምንት በኋላ ጉቶው ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። ብሎን እንዳይላላ በብረት ላይ የሚፈስሰው ማጣበቂያ ፈሳሽም እንዲሁ ያደርጋል። ፕላስቲክ ሲሆን በደረቁ ሥሩ።

የፈታችሁትን መልሳችሁ ስታስገቡ ብሎኑን አስቀድማችሁ ወደ ኋላ አዙሩት። ከጥቂት በኋላ ጠብ ሲል ይሰማችኋል፤ ያን ጊዜ የቀድሞ ጥርሱን አግኝቷልና ወደ ፊት አዙሩ። ይህን ሳያደርጉ የሚያስገቡት ብሎን በአሮጌው ጥርስ ላይ አዲስ ጥርስ ያወጣል፤ በሦስተኛው ጊዜም ጥርስ የሚባል አይቀርም። የራዲዮና የሶኬት ክዳን የሚበላሸው በአብዛኛው በመፍታት ሳይሆን በዚህ ዓይነት መግጠም ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ግን ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት መሥመሩን ንቀሉ፤ ይህ ከሁሉ ይቀድማል።

አምስተኛ፤ የተበላሸውን ማቃናት

ፕላስቲክ ከባድ ነገር ሲሸከም እያደር ይለግማል፤ ዛሬ የጠበቀው በሳምንቱ ጥቂት ቢላላ አያስደንቅም። አንድ ጊዜ ቀለል አድርጎ መመለስ ይበቃል፤ በየቀኑ ማጥበቅ ግን ጥርሱን መፍጨት ነው። ጥርሱ ካለቀ፥ ጉቶው ወፍራም እንደ ሆነ፥ በውፍረቱ አንድ ደረጃ የሚበልጥ ብሎን ይገባበታል። ቀጭን ከሆነ ቀዳዳውን አስፍታችሁ ከዚያው ፕላስቲክ የተቀረጸ ውታፍ በማጣበቂያ ከደፈናችሁ በኋላ እንደገና ብሱት፤ ይህ ሙጫ ለሚቀበለው ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ ለሚፈታ ዕቃ ደግሞ ውስጡ ጥርስ ያለው የናስ ቀለበት በመበየጃ ካውያ አሙቆ በቀዳዳው ውስጥ ማስመጥ ከሁሉ የጸና ነው።

እንግዲህ ይህን ዕውቀት ይዘን ወደ ሴባስቶፖል እንመለስ። ሴባስቶፖል አጭርና አፉ የሰፋ መድፍ ነው። ለአፈሙዙ አንድ ቁራጭ ሰፊ የፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ ይበቃል። ነገር ግን የቧንቧው ግድግዳ ስስ ነው፤ ብሎን 2 እጥፍ ውፍረቱን ሊነክስበት አይችልም። ስለዚህ ካረጀ የመክተፊያ ሰሌዳ ክብ ቈርጣችሁ በቧንቧው ውስጥ ልክ አድርጋችሁ አስገቡ፤ በቧንቧው ላይ የሚያሳልፍ ቀዳዳ፥ በክቡ ጠርዝ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ብሱ፤ ብሎኑ ከውጭ ገብቶ ክቡን ይነክሳል። የሠረገላው ወለልና መንኰራኵሮቹም ከዚያው ሰሌዳ ይወጣሉ፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ለብሎን የተመቸ ነው። በመጋዝ ቈርጣችሁ በሞረድ አስተካክሉት።

መንኰራኵሩ ሲገጠም ቀዳዳው ብሎኑን የሚያሳልፍ፥ ብሎኑም እስከ መጨረሻው ሳይጠብቅ ጥቂት ፋታ የሚተው ይሁን። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፤ ሠረገላው ሲጐተት በአንዱ ጐን ያለው መንኰራኵር ብሎኑን ወደ መጥበቅ፥ በሌላው ጐን ያለው ወደ መፈታት ይወስደዋል። ይህን ለመከላከል በመንኰራኵሩ በውስጥም በውጭም ሮንዴላ አድርጉ፤ መንኰራኵሩ በሮንዴላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ ብሎኑን ይዞ አይዞርም። ልጁ ይህን በራሱ እጅ ሲያይ፥ ያን 7 ቶን የሚሆን መድፍ በገደል ላይ ያሳለፉት ሰዎች ምን ያህል እንደ ተቸገሩ ከመጽሐፍ ይልቅ ከመንኰራኵሩ ይማራል።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ከብሎን የሚበልጥ አንድ ነገር ልናገር።

በአገራችን የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። ማረሻ የሚሠራልን ቀጥቃጭ፥ ሸማ የሚያለብሰን ሸማኔ፥ እንስራ የምትሠራልን ሸክላ ሠሪ፥ ጠፍር የሚያወጣልን ፋቂ፥ በሥራቸው እየኖርን በሥራቸው ሰደብናቸው፤ «ቡዳ» ብለን ከማኅበር አገለልናቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን በሕግ ብቻ የሚወጣ አልሆነም። ዛሬም እስክሪብቶ የያዘ እጅ ካቻቢቴ ቢይዝ የሚዋረድ የሚመስለው አለ። ልጁ የሰበረውን ነገር ከፍቶ ሲያይ «ይህ የአንተ ሥራ አይደለም፥ ትምህርትህን አጥና» የሚል አባት አለ። እንዲህ የተባለ ልጅ አድጎ መሐንዲስ ቢሆን፥ ብሎን ሲጠብቅ የት ላይ መቆም እንዳለበት እጁ አያውቅም፤ ወረቀቱ ግን ያውቃል።

የጋፋት ታሪክ የሚያስጠነቅቀን ይህን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የውጭውን ሰው እጅ አገኙ፤ የአገሩ ቤት ሁሉ ግን ያን እጅ ለመቀበል አልተዘጋጀም ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ሲሄድ ሙያው ተከትሎት ሄደ። ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሉም የጋፋትን ስም ይዟል። መልካም ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው ከቤት የመጣውን ልጅ ነው። ከቤት እጁ ታስሮ የመጣውን ልጅ ለመፍታት አራትና አምስት ዓመት አይበቃም።

ስለዚህ የተከበራችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፤ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ብትሰጡ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። የሚያስፈልገው ዕቃ ልክ የሆነ ካቻቢቴ፥ ሦስት አራት ቀጫጭን ፑንታ፥ ሞረድ፥ ከተጣለ ዕቃ የተሰበሰበ ብሎንና ያረጀ የመክተፊያ ሰሌዳ ነው። ሴት ልጃችሁንም አትተዉ፤ ስፌት የሚሰፋ እጅ የቀዳዳን ልክ ከማንም ይልቅ ያውቃል። የመጀመሪያው ጉቶ ቢሰነጠቅ አትቈጡ፤ የጋፋት ምድጃም በመጀመሪያው አልያዘም። ልጁ በሁለተኛው ቀዳዳ በመቶ 75 እና በመቶ 80 መካከል ያለውን ልዩነት በጣቱ ሲያውቅ፥ ያ ዕውቀት ከቤታችሁ አይወጣም።

በመቅደላ አምባ ላይ ያለው መድፍ የአንድ ንጉሥ ምኞት ምስክር ነው። በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ትንሹ አምሳያ ግን ምኞቱ ወደ ልጆቻችን እጅ መድረሱን ሊመሰክር ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና በአንድ ብሎን እንጀምር።